ገበያው ገና ሳይለይለት መንግሥት ይግባ ወይስ ይጠብቅ?

የጠያቂው ሐሳብ በአጭሩ፦ «ኢንተርኔት ላይ መረጃ መፈለግ ማለት አንድ ኩባንያ ጋ መሄድ ማለት ከሆነ ቆየ። ይህ ሞኖፖሊ ነው፤ ሞኖፖሊ ደግሞ ሕገ ወጥ ነው። ታዲያ መንግሥታት ለምን አይበትኑትም? ወንድሜ አይስማማም። ‹አገልግሎቱ በነፃ ነው፣ ካልተመቸህ ሌላ መክፈት ትችላለህ፣ ማን ተጎዳ?› ይለኛል። አሁን ደግሞ ጥያቄን በቀጥታ የሚመልሱ የኤአይ ረዳቶች መጥተዋል። በዚህ አዲስ ገበያ መንግሥት ከአሁኑ እጁን ያስገባ ወይስ አሸናፊው እስኪለይ ይጠብቅ?»

ሞኖፖሊ መሆን በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። በአሜሪካም በአውሮፓም ሕግ አንድ ኩባንያ የተሻለ ነገር ሠርቶ፣ ሰው ወዶለት ገበያውን ቢጠቀልለው ጥፋት አልሠራም። ጥፋት የሚሆነው የያዘውን ቦታ ላለመልቀቅ የሌላውን መንገድ ሲዘጋ ነው። በኦገስት 2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ዋሽንግተን ላይ ዳኛ አሚት መህታ በጉግል ላይ የሰጡት ውሳኔ ይህን በደንብ ያሳያል። ዳኛው የጉግል ፍለጋ በጥራት ከሁሉም የተሻለ መሆኑን አልካዱም። ጥፋተኛ ያሉት ሞኖፖሊውን ለመጠበቅ ከስልክ አምራቾችና ከብሮውዘር ባለቤቶች ጋር በገባቸው ውሎች ነው። «ግዙፍ ነውና ይበተን» ብቻ የሚል ክስ ፍርድ ቤት ውስጥ አንድ ቀን አያድርም።

ወንድምዎም የሄደው ግማሽ መንገድ ነው። «ነፃ» የሚለው ቃል እርስዎ የቆሙበትን ወገን ብቻ ነው የሚያሳየው። ይህ ገበያ ሁለት ፊት አለው። በአንዱ በኩል መረጃ ፈላጊው አለ፣ በሌላው በኩል ማስታወቂያ አስነጋሪው። ሒሳቡን የሚዘጋው ሁለተኛው ነው። መህታ እንዳረጋገጡት ጉግል የጽሑፍ ማስታወቂያ ዋጋውን የጨመረው ደንበኛዬ ወደ ተፎካካሪ ይሄድብኛል ብሎ ሳይሰጋ ነው። ያ ጭማሪ ደግሞ አየር ላይ ተንሳፍፎ አይቀርም፤ ዞሮ ዞሮ ነጋዴው በሚሸጠው ዕቃ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከዚያም በላይ፣ ዋጋ ዜሮ በሆነበት ቦታ ፉክክሩ በጥራት ነው። ከመልሱ በፊት ስንት ማስታወቂያ ይደረደራል? ስለ እርስዎስ ምን ያህል መረጃ ይሰበሰባል? ተፎካካሪ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚበላሸው ይሄ ነው። የጀርመን የውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2019 ፌስቡክ ከየቦታው የሚለቅመውን የተጠቃሚ ዳታ ያለ ፈቃድ እንዳያዋህድ ያገደው በዚሁ መነሻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በጁላይ 2023 የውድድር ተቆጣጣሪ የግል መረጃ ጥበቃን ጉዳይ ከግምት ማስገባት ይችላል ብሏል። ነፃ አገልግሎት ከውድድር ሕግ ውጪ ነው የሚለው ክርክር ያበቃለት ነው።

«ሌላ መክፈት ትችላለህ» የሚለውስ? እውነት ነው፣ ይቻላል። ግን ሰው አያደርገውም። ስልኩ ከካርቶኑ ሲወጣ ተመርጦ የመጣውን፣ ዲፎልቱን ማለቴ ነው፣ አብዛኛው ሰው ሳይቀይረው ስልኩ ያረጃል። ማስረጃው ገንዘቡ ነው። ጉግል በ2021 ብቻ ዲፎልት ሆኖ ለመቀመጥ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ለማይረባ ነገር ይህን ያህል የሚከፍል የለም። ሌላም አለ። የማይክሮሶፍት ብሮውዘር ኤጅ ዲፎልቱ የዚያው ኩባንያ መፈለጊያ ቢንግ ነው። በኤጅ ከሚደረጉት ፍለጋዎች 80 በመቶ ገደማ የሚሄዱት ወደ ቢንግ እንደሆነ በዚያው ክስ ላይ ተረጋግጧል። በጠቅላላው የአሜሪካ ገበያ ግን ወደ 90 በመቶ፣ በስልክ ደግሞ ወደ 95 በመቶ የያዘው ጉግል ነው። እርግጥ ኤጅን የሚጠቀሙት ሰዎች ከሌላው የተለየ ምርጫ ሊኖራቸው ይችላል፤ ሁሉንም በዲፎልት ማሳበብ ልክ አይሆንም። ቢሆንም ይህን ያህል ልዩነት በጥራት ብቻ አስረዳለሁ የሚል ይቸገራል።

መረጃ የሚፈለግበት ገበያ ያለ ጥፋትም ለአንዱ ያደላል። ብዙ ሰው ሲጠይቅ ሥርዓቱ ሰው የቱን ውጤት ከፈተ፣ የቱን ወዲያው ዘግቶ ተመለሰ የሚለውን ያያል። ከዚያ ይማራል፣ የነገው መልስ ይሻላል። የተሻለው መልስ ተጨማሪ ሰው ይጠራል። ሰው ካለ ማስታወቂያ ይመጣል። የማስታወቂያው ገንዘብ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ዲፎልት ይገዛል። ዙሩ እዚህ ላይ ይገጥማል። እስከ ማስታወቂያው ድረስ ያለው ጤናማ ነገር ነው፤ ማንም ነጋዴ እንደዚያው ያደርጋል። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው፤ ገንዘቡ ምርቱን ማሻሻሉን ትቶ የሌላውን መግቢያ ሲገዛበት። አዲሱ መፈለጊያ ሰው ስለሌለው አይማርም፣ ስላልተማረ ሰው አይመጣለትም። በተለይ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ላይ ይወድቃል። ሚሊዮን ሰው የሚጠይቀውን ትንሹም ትልቁም ይመልሰዋል። በወር ሦስት ሰው የሚጠይቀውን ግን በደንብ የሚመልሰው ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ያየው ነው።

የኤአይ ረዳቶቹ ነገር ትንሽ ይለያል። እዚህ የሚያንሰው የኮምፒውተር አቅም፣ የማሠልጠኛ ጽሑፍና ተጠቃሚው ጋ የሚደረስበት መንገድ ነው። ኦፕን ኤአይ ቻትጂፒቲን በኖቬምበር 2022 ሲያወጣ በፍለጋው ገበያ ስሙ አይነሳም ነበር። ሆኖም ሰው ጎረፈለት። ስለዚህ በሩ እስካሁን አልተቆለፈም። ግን ቁልፉ የት እንደሚገባ ይታያል። ረዳቱ ስልኩ ውስጥ፣ ብሮውዘሩ ውስጥ፣ የቢሮ ሶፍትዌሩ ውስጥ አብሮ ተሰፍቶ መምጣት ሲጀምር የድሮው የዲፎልት ታሪክ ይደገማል።

ወደ መበተኑ ልመለስ። ተሞክሯል። በጁን 2000 ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን ማይክሮሶፍት ለሁለት ይከፈል ብለው አዘዙ። ዓመት ቆይቶ የይግባኙ ፍርድ ቤት የክሱን ዋና ነጥብ አጽንቶ መከፈሉን ሻረው። መህታም በሴፕቴምበር 2025 «የጉግል ብሮውዘር ክሮም ይሸጥ» የሚለውን የመንግሥት ጥያቄ አልተቀበሉም። ብቸኛነት የሚሰጡ ውሎችን ከለከሉ፣ የተወሰነ የፍለጋ ዳታ ለተፎካካሪዎች ይሰጥ አሉ፣ ለዲፎልት መክፈልን ግን ሙሉ በሙሉ አላገዱም። ይሄ ብዙ ሰው አበሳጭቷል። እኔ ግን ምክንያታቸው ይገባኛል። ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ አብዛኛውን ገቢውን የሚያገኘው ከጉግል ነው። ክፍያው በአንድ ጊዜ ቢቆረጥ መጀመሪያ የሚንገዳገደው የክሮም ተፎካካሪ ነበር። መበተን ፍርድ ቤት የሚደፍረው ሌላ መፍትሔ ጠፍቶ ሲያይ ብቻ ነው። በእሱ ላይ ተስፋ ጥለው አይቀመጡ።

የውድድር ሕግ ሙያ ትልቁ ራስ ምታት ጊዜ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን ጉግል የራሱን የዕቃ ማወዳደሪያ አገልግሎት ከሌሎች አስቀድሞ ያሳያል በሚል ምርመራ የከፈተው በኖቬምበር 2010 ነው። 2.42 ቢሊዮን ዩሮ የቀጣው በጁን 2017 ነው። የመጨረሻው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ያጸናው በሴፕቴምበር 2024 ነው። ወደ 14 ዓመት ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዋጋ እያወዳደሩ ይኖሩ የነበሩ ድረ ገጾች ጎብኚ ሲርቃቸው ፍርዱን ቁጭ ብለው መጠበቅ አይችሉም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው። የማስታወቂያ ቴክኖሎጂውም ያው ነው። ጉግል የኢንተርኔት ማስታወቂያ መሣሪያ የሚሠራውን ደብልክሊክን በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን ያስታወቀው በኤፕሪል 2007 ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዚያው ዓመት በዲሴምበር በ4 ለ1 ድምፅ አሳለፈው። በኤፕሪል 2025 ዳኛ ሊዮኒ ብሪንከማ ጉግል ድረ ገጾች ማስታወቂያ የሚያስተናግዱበትን መሣሪያ ከራሱ የማስታወቂያ ገበያ ጋር በሕገ ወጥ መንገድ አስሯል ብለው ፈረዱ። ያ መሣሪያ መነሻው ደብልክሊክ ነው። ልብ ይበሉ፣ ዳኛዋ ግዢውን ለብቻው ሕገ ወጥ አላሉትም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በ2007 «ግዛ፣ ግን ሁለቱን እንዳታስራቸው» የሚል አንድ ገጽ ቅድመ ሁኔታ የሚያስከፍለው ወጪ ከ18 ዓመት በኋላ ፍርድ ካገኘው ክስ ጋር አይወዳደርም።

«እንግዲያውስ ሳይቃጠል በቅጠል፣ ከአሁኑ ይግቡበት» ሊሉኝ ነው። ቀስ ይበሉ። ቀድሞ መግባትም አፍሮ መመለስ አለው። በጃንዋሪ 2001 የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የኢንተርኔት አቅራቢው ኤኦኤልና የሚዲያ ኩባንያው ታይም ዋርነር እንዲዋሃዱ ሲፈቅድ አንድ ገደብ አስቀመጠ። በዚያን ጊዜ የፈጣን መልእክት ገበያው የኤኦኤል ነበር። ስለዚህ ኩባንያው ከተፎካካሪዎቹ ጋር እስኪገናኝ ድረስ ቪዲዮ ያለውን አዲስ ዓይነት መልእክት እንዳያቀርብ ተከለከለ። በወረቀት ላይ ያምራል። በኦገስት 2003 ገደቡ ተነሳ፤ ተፎካካሪዎች በራሳቸው ጊዜ እየደረሱበት ነበር። የኤኦኤል መልእክት ራሱ በዲሴምበር 2017 ተዘጋ። ተቆጣጣሪው የነገውን ጌታ አገኘሁ ብሎ የያዘው ተሸናፊውን ነበር። የሜታ (የፌስቡክ ባለቤት የዛሬ ስሙ ነው) ክስ ደግሞ የተገላቢጦሹን ያስተምራል። ፌስቡክ ኢንስታግራምን በ2012፣ ዋትስአፕን በ2014 ገዛ። የንግድ ኮሚሽኑ የከሰሰው በዲሴምበር 2020 ነው። በኖቬምበር 2025 ዳኛ ጄምስ ቦስበርግ ዛሬ ቲክቶክና ዩቲዩብ አሉ፣ ሜታ አሁን ሞኖፖሊ እንዳለው አላሳያችሁም ብለው ውድቅ አደረጉት። አንዱ ቸኩሎ፣ ሌላው ዘግይቶ።

ሦስተኛ መንገድ የሚባለው ጥፋት ሳይጠብቁ ቀድሞ ሕግ ማውጣት ነው። የአውሮፓ የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ዋናው ምሳሌ ነው። በወር ከ45 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚና በዓመት ከ10 ሺህ በላይ የንግድ ደንበኛ በኅብረቱ ውስጥ ያለው፣ በገንዘብም ግዙፍ የሆነ መድረክ በር ጠባቂ ይባላል፣ የተከለከሉትና የታዘዙት ነገሮች ዝርዝር ይሰጠዋል። ግዴታው ከማርች 2024 ጀምሮ እየሠራ ነው። ካጠፋ እስከ ዓለም አቀፍ ገቢው 10 በመቶ፣ ከደጋገመ እስከ 20 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ የ14 ዓመቱን ክርክር ያሳጥራል። ለእርስዎ ጥያቄ ግን ሙሉ መልስ አይሆንም። ዋናው መስፈርቱ የሚይዘው አድጎ የጨረሰውን ነው። ገና እያደገ ያለው ገበያ በቁጥር መስፈርት ሲያዝ አሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ ተለይቷል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉኝ። አንደኛው ከሁሉም የሚበልጥብኝ ነው። ይሄ የሲሚንቶ ገበያ አይደለም፣ የመረጃ ገበያ ነው። በውድድር ስም የገባ መሥሪያ ቤት «ይሄ መልስ ከላይ ይምጣ፣ ያኛው ይውረድ» ማለት ከጀመረ ተቆጣጣሪነቱ ቀርቶ አዘጋጅ ሆኗል። ዛሬ በዋጋ ማወዳደሪያ የተጀመረ ነገ በዜና፣ ከነገ ወዲያ በምርጫ ላይ ይደረሳል። ተቆጣጣሪው ማየት ያለበት ውሉን፣ ክፍያውን፣ ግዢውን ነው። የመልሱን ይዘት የሚነካ ሥልጣን ከሕጉ ውስጥ በግልጽ መውጣት አለበት። ኩባንያው ለራሱ ያዳላል ሲባል እንኳን መጠየቅ ያለበት «የእኔንም የሌላውንም በአንድ መስፈርት ትመዝናለህ?» ነው። መልሱ እውነት ነው ውሸት የሚለው ለእሱ አይደለም። ዜና አሳታሚዎችን ለመደጎም የወጡ የክፍያ ሕጎችንም ከዚህ ጋር አያምታቱ። በካናዳ እንዲህ ያለ ሕግ በ2023 ሲወጣ ሜታ መደራደሩን ትቶ ዜናን ከነጭራሹ ከአገልግሎቱ አወጣው።

ሁለተኛው፣ ትእዛዝ ማውጣትና ትእዛዙ መፈጸሙን ማየት ሁለት ሥራ ነው። ማይክሮሶፍት በ2009 ለአውሮፓ ኮሚሽን ቃል ገብቶ ነበር፤ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ብሮውዘሩን የሚመርጥበት ገጽ ይቀርብለታል ብሎ። ከሜይ 2011 እስከ ጁላይ 2012 ገጹ ለ15 ሚሊዮን ገደማ ተጠቃሚዎች ሳይታይ ቀረ። አዎ፣ ከዓመት በላይ! ኮሚሽኑ በማርች 2013 ለዚህ 561 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። እኔ ግን ቅጣቱን ሳይሆን ከዓመት በላይ ሳይነቃበት መቆየቱን ነው የማስታውሰው። ኮድ የሚያነብ ሰው የሌለው ተቆጣጣሪ ጥርስ የሌለው አንበሳ ነው፤ ሕጉ ምንም ያህል ቢወፍር።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው፤ ወላውዬ አልሰጠውም። መንግሥት ከአሁኑ ይግባ፣ ግን በጠባቡ ይግባ። የሚነካቸው ነገሮች ሦስት ብቻ ይሁኑ። የመጀመሪያው የዲፎልትና የብቸኛነት ውል ነው። አንድ የኤአይ ረዳት ስልክ ላይ ወይም ብሮውዘር ላይ ለመቀመጥ መክፈሉ ይፈቀድ፣ ተፎካካሪን የሚያስወጣ አንቀጽ ግን አይፈቀድ። ውሉም አጭር ይሁን። መህታ የጉግልን የዲፎልት ውሎች በአንድ ዓመት መገደባቸው ትክክለኛ ነገር ነው፤ በየዓመቱ አዲስ የመጣ መጫረት ይችላል። ይህን ለማድረግ ግዙፍ አገር መሆን አያስፈልግም። የውጭ ኩባንያን መበተን የማይችል መንግሥት የራሱን የሞባይል ኦፕሬተሮችና የስልክ አስመጪዎች ውል ማየት ይችላል። ሕንድ በፌብሩዋሪ 2016 ኦፕሬተሮች በሚከፈተው ይዘት እየለዩ የተለያየ የዳታ ዋጋ እንዳያስከፍሉ ስትከለክል፣ የተመረጡ ድረ ገጾችን ብቻ በነፃ የሚያስገባው የፌስቡክ ፍሪ ቤዚክስ እዚያ አበቃለት። ማንንም አልበተነችም። አንድ የዋጋ ደንብ ነው ያወጣችው።

ሁለተኛው ግዢ ነው። የድሮው የውህደት ሕግ የሚመዝነው በገቢ ነው። ዋትስአፕ በ19 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ ገቢው ከቁጥር የሚገባ ስላልነበረ የአውሮፓን የገቢ መስፈርት አያሟላም ነበር፤ ጉዳዩ ኮሚሽኑ ጋ የደረሰው በሌላ መንገድ ነው። ጀርመንና ኦስትሪያ ከዚያ ተምረው በ2017 የግዢውን ዋጋ ራሱን መስፈርት አደረጉት፤ ጀርመን 400 ሚሊዮን፣ ኦስትሪያ 200 ሚሊዮን ዩሮ። ይሄ በየሕጉ ይግባ። ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ብልጠትም ይጨምር፤ ድርጅቱን ሳይገዙ መሥራቾቹንና ሠራተኛውን ጠራርጎ መውሰድ። ማይክሮሶፍት በ2024 ኢንፍሌክሽን ከሚባለው የኤአይ ኩባንያ ጋር ያደረገው ይህንን ነው። የብሪታንያ ተቆጣጣሪ ጉዳዩ እንደ ውህደት የሚታይ ነው ብሎ መርምሮ አሳለፈው። ማሳለፉ አይገርመኝም። ዋናው መመርመሩ ነው።

ሦስተኛው መውጫው ነው። ተጠቃሚው ከአንዱ ረዳት ወደ ሌላው ሲሄድ የጠየቀውን፣ ያስቀመጠውን፣ ያስተማረውን ይዞ መውጣት ይቻለው። ይህ በኋላ ሲጨመር ውድ ነው፤ ሥርዓቱ ገና ሲሠራ ከገባ ግን ቀላል ነው። ዋጋውን፣ የመልሱን አቀራረብ፣ የምርቱን ንድፍ መንግሥት ለጊዜው አይንካ፤ ገበያው ከሳምንት ሳምንት እየተለወጠ ነው፣ ደንብ አይደርስበትም።

የኤኦኤል ገደብ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ የተነሳው እንደገና ታይቶ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ገደብ በሦስት ዓመት ራሱ እንዲያልቅ ተደርጎ ይጻፍ። ይቀጥል የሚለው ተቆጣጣሪው ከሆነ፣ ለምን እንደሚቀጥል በጽሑፍ የማስረዳቱ ዕዳም የእሱ ይሁን።